አምልኮ ወይስ ትርኢት? ስለ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ክርስቲያኖች ለአምልኮ የሚሰበሰቡት ለምንድን ነው?

እግዚአብሔርን ለማመስገን፣ ቃሉን ለመስማት፣ ለመጸለይና ከጌታ ማዕድ ለመካፈል ነው። ከእነዚህ ውስጥ ቁጭ ብሎ በማየት ብቻ የሚፈጸም አንድም የለም። ቃሉን የሚሰማው ሰው እንኳ የሰማውን እንዲያደርግ ይጠበቅበታል (ያዕቆብ 1፥22)።

የጥንቱ ጉባኤ ምን ይመስል እንደነበር ከሚነግሩን ምስክሮች አንዱ ወዳጅ አልነበረም። በዛሬዋ ቱርክ የሮም መንግሥት አገረ ገዥ የነበረው ታናሹ ፕሊኒ በ112 እ.ኤ.አ. አካባቢ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ክርስቲያኖችን እየመረመረ ይቀጣ ነበር። ለንጉሠ ነገሥት ትራጃን በላከው ደብዳቤ፣ ሰዎቹ በተወሰነ ቀን ጎህ ሳይቀድ ተሰብስበው ለክርስቶስ እንደ አምላክ እየተቀባበሉ እንደሚዘምሩ፣ እንዳይሰርቁ፣ እንዳያመነዝሩና አደራ እንዳይክዱም በመሐላ ራሳቸውን እንደሚያስሩ ጽፏል። አርባ ዓመት ያህል ቆይቶ ሰማዕቱ ዮስጢኖስ የእሑዱን ስብሰባ ሲገልጽ የቅዱሳት መጻሕፍት ንባብን፣ ስብከትን፣ ጸሎትን፣ ኅብስቱንና ወይኑን፣ በመጨረሻም ለሙት ልጆችና ለመበለቶች የሚሰበሰበውን ገንዘብ ይጠቅሳል። በሁለቱም ዘገባ ውስጥ ሰውን የሚያስገርም ነገር ተዘጋጅቶ አይታይም። እንዲያም ሆኖ ሰው ይመጣ ነበር፤ መምጣቱ ሕይወቱን ሊያስከፍለው እየቻለ።

መዝናናት ኃጢአት ነው ማለት ነው?

አይደለም። ሙዚቃ ማዳመጥ፣ ቴአትር ማየት፣ ከወዳጅ ጋር መሳቅ መልካም ነገር ነው። ሰው ዕረፍትና ደስታ ያስፈልገዋል፤ ለዚህም ጊዜና ቦታ አለው። እዚህ የምንነጋገረው ለእግዚአብሔር ተብሎ የተለየው ሰዓት በምን ይሞላ በሚለው ላይ ብቻ ነው።

ታዲያ በአምልኮና በትርኢት መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?

በትርኢት አዳራሽ ውስጥ ዳኛው ተመልካቹ ነው። ትኬት ቆርጦ ገብቷል፤ ከጣመው ያጨበጭባል፣ ካልጣመው ተነሥቶ ይወጣል። መድረክ ላይ ያለው ሰው ሥራው ይህን ተመልካች ማስደሰት ነው፤ ውሉ ይኸው ስለሆነም ነውር የለበትም። በአምልኮ ጊዜ ግን ምስጋናው የሚቀርብለት እግዚአብሔር ሲሆን አቅራቢው ምእመኑ ሁሉ ነው። የዴንማርኩ ፈላስፋ ሶረን ኪርከጎር በ1847 ይህንኑ በቴአትር ምሳሌ አስረድቶታል፦ ሰዎች ሰባኪውን እንደ ተዋናይ፣ ራሳቸውን እንደ ተመልካች ይቆጥራሉ፤ እውነቱ ግን ሰባኪው ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ቃል የሚያስታውስ ሰው ነው፣ የሚተውነው ምእመኑ ነው፣ የሚያየውም እግዚአብሔር ነው።

ይህን ልዩነት ከማንም በላይ አጥርቶ የሚያሳየው የነቢዩ ሕዝቅኤል ታሪክ ይመስለኛል (ሕዝቅኤል 33፥30-32)። በምርኮ ያለው ሕዝብ በየደጃፉ ስለ ነቢዩ ያወራል፤ «ኑና ከእግዚአብሔር የመጣውን ቃል እንስማ» እየተባባለ ይጎርፋል፤ በፊቱም ይቀመጣል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ታላቅ መነቃቃት ነው። እግዚአብሔር ግን ለነቢዩ የነገረው ሌላ ነው፦ በእነርሱ ዘንድ አንተ ድምፁ ያማረ፣ በገናውንም አሳምሮ የሚመታ ዘፋኝ ነህ፤ ቃልህን ይሰማሉ፣ አያደርጉትም። ሕዝቅኤል ስብከቱን አላጣፈጠም፣ ሰውን ለማስደሰት ብሎም የለወጠው ነገር የለም። ትርኢት ያደረጉት ሰሚዎቹ ናቸው። ስለዚህ በመድረክ ላይ ማንም ሳያስበው ጉባኤው ትርኢት ሊሆን ይችላል። «እኛ ጊታርም ከበሮም ስለሌለን ይህ ጥያቄ አይመለከተንም» የሚል ሰው ይህን ክፍል ደግሞ ቢያነበው መልካም ነው።

በተግባር እንዴት ለይቼ አውቃለሁ?

እኔ የምጠቀምበት መመዘኛ የምእመኑ ድምፅ ነው። በመዝሙሩ መሀል ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ ምን እንደሚሆን አስቡት። ኪቦርዱ ድንገት ጸጥ ይላል፤ መሪው ዘማሪ ማይክሮፎኑን በጣቱ መታ መታ ያደርጋል። አሁን አዳራሹን ማድመጥ ነው። መዝሙሩ ከሕዝቡ አፍ ሳይቋረጥ ከቀጠለ፣ እንዲያውም ከኋላ ወንበር ያሉት አዛውንት ድምፅ አሁን ገና ጥርት ብሎ ከተሰማ፣ ሲዘምር የነበረው ጉባኤው ነው። ሰዉ አፉን ዘግቶ ወደ ድምፅ ባለሙያው መዞር ከጀመረ ግን ሲዘምሩ የነበሩት መድረክ ላይ ያሉት አምስት ዘማሪዎች ብቻ ነበሩ ማለት ነው፤ የቀረው ያዳምጥ ነበር።

ኤሌክትሪክ እስኪቋረጥ መጠበቅ አያስፈልግም። ከፊት ወንበር ተነሥቶ ወደ አዳራሹ መካከል መሄድና ለአንድ መዝሙር ያህል ራስን ዝም ማሰኘት ይበቃል። ከጎን ያለው ሰው ድምፅ ይሰማል? የሚሰማው ከድምፅ ማጉያው የሚወጣው ብቻ ከሆነ፣ ሌላው ሰው መዘመሩን ቢተው እንኳ የሚያውቅበት የለም፤ እርሱም ይህን ያውቃል።

ብዙ ጊዜ ደግሞ ሕዝቡን ዝም የሚያሰኘው ልቡ ሳይሆን ተራ የአሠራር ጉድለት ነው። መሪው ዘማሪ ለራሱ ድምፅ በሚመች ከፍታ ይጀምራል፤ ዝማሬው ወደ ላይ ሲወጣ ወፍራም ድምፅ ያላቸው ወንዶች ይዘገያሉ፣ ከዚያም ይተዋሉ። በየሳምንቱ ማንም ያልለመደው አዲስ መዝሙር ይመጣል። ዘማሪው በእያንዳንዱ ስንኝ መጨረሻ ላይ ዜማውን እያስረዘመ ያስጌጠዋል፤ ሕዝቡም የት ቦታ ላይ አብሮት እንደሚገባ ግራ ይገባዋል። እነዚህን ለማረም የሥነ መለኮት ጉባኤ መጥራት አያስፈልግም።

ይህ ጥያቄ ዘመናዊ ሙዚቃ ያመጣው አይደለም?

በፍጹም። በአራተኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ዮሐንስ አፈወርቅ በአንጾኪያ ሲሰብክ ያዘነበት አንድ ነገር ነበር፦ ሕዝቡ ስብከቱን ለመስማት ይታጨቃል፣ ስብከቱ ሲያልቅና ቅዱስ ቁርባኑ ሲደርስ ግን ቤተ ክርስቲያኑ ባዶ ይሆናል። የሚወዱት ሰባኪ ተናግሮ ጨርሷል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ለምን ያስቀምጣቸዋል? ዘማሪ ሲጨርስ የሚወጣውን የዛሬውን ሰው ለምናውቅ ሰዎች እንግዳ ነገር አይደለም።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የትሬንት ጉባኤ በ1562 ጳጳሳቱ በኦርጋንም ሆነ በዝማሬ ርኩስ ወይም ለሥጋ ፍትወት የሚያነሣሣ ነገር የተቀላቀለበትን ሙዚቃ ከቤተ ክርስቲያን እንዲያርቁ አዟል። የዙሪኩ ተሐድሶ መሪ ኡልሪክ ዝዊንግሊ ብዙ መሣሪያ መጫወት የሚችል ሙዚቀኛ ሆኖ ሳለ በ1520ዎቹ ሙዚቃን ከነኦርጋኑ ከአምልኮ አስወጣ። በዚያው ዘመን ማርቲን ሉተር ደግሞ በተቃራኒው መዝሙር እየጻፈና እያስጻፈ ለሕዝቡ በቋንቋው ያድል ነበር። ሁለቱም የፈለጉት አምልኮ ንጹሕ እንዲሆን ነው፤ የሄዱበት መንገድ ግን ፈጽሞ አልተገናኘም። እኔ ከሉተር ወገን ነኝ። ዝዊንግሊን ግን ሙዚቃ የማይገባው ሰው አድርጎ ማቅረብ ግፍ ነው፤ የሙዚቃን ጉልበት አሳምሮ ስለሚያውቅ ነው የፈራው።

የሙዚቃ መሣሪያ ብዛት አምልኮን ወደ ትርኢት አይለውጠውም?

በራሱ አይለውጠውም። በዳዊት ዘመን በዜማ ዕቃ እግዚአብሔርን ለማመስገን የተመደቡት ሌዋውያን 4,000 ነበሩ (1 ዜና መዋዕል 23፥5)፤ በዝማሬ የሠለጠኑት አዋቂዎች ብቻ 288 ነበሩ (25፥7)። መዝሙር 150 ደግሞ መለከትን፣ በገናን፣ ከበሮንና ጸናጽልን አንድም ሳያስቀር ይጠራል። በሌላ በኩል የምሥራቅ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት አብዛኞቹ እስከ ዛሬ ያለ መሣሪያ በሰው ድምፅ ብቻ ይዘምራሉ፤ የእነርሱም አምልኮ የጎደለው አይደለም። ልብን የሚመዝን መሣሪያ ስላልተሠራ ሰዉ የሚቆጠረውን ይቆጥራል፤ ስንት ጊታር፣ ስንት ማይክሮፎን።

ዳዊት በታቦቱ ፊት በሙሉ ኃይሉ ዘሎ የለ? እኛስ ብንዘል ምን አለበት?

ምንም የለበትም። ግን ታሪኩን ከመጀመሪያው ማንበብ ይገባል። ታቦቱ ወደ ኢየሩሳሌም የተጓዘው ሁለት ጊዜ ነው (2 ሳሙኤል 6)። በመጀመሪያውም ጉዞ ዳዊትና ሕዝቡ በበገና፣ በከበሮና በጸናጽል ይጫወቱ ነበር፤ ሙዚቃው ሙሉ ነው፣ ደስታውም ሙሉ ነው። ታቦቱ ግን በሌዋውያን ትከሻ መሆን ሲገባው ፍልስጥኤማውያን እንዳደረጉት በአዲስ ሠረገላ ላይ ተጭኖ ነበር። ታቦቱን በእጁ የያዘው ዖዛ የሞተው በዚያ ጉዞ ነው። ከሦስት ወር በኋላ በሁለተኛው ጉዞ ሙዚቃውም ዝላዩም ነበረ፤ የተለወጠው ታቦቱ የተጫነበት ነገር ነው። «አዲሱ ሠረገላ ይፈጥናል፣ ያምራልም» የሚል ሰው በዚያን ቀን ሳይኖር አይቀርም።

ሚስቱ ሜልኮል በመስኮት አይታ በናቀችው ጊዜም ዳዊት የመለሰላት በእግዚአብሔር ፊት እንዳደረገው ነው። የሚያዩት ሰዎች ምን እንደሚሉ አልገደደውም፤ ክብሩ ዝቅ ቢልም አልገደደውም። መድረክ ላይ የሚዘል ሰው ራሱን የሚጠይቀው እዚህ ላይ ነው፦ የሚያየኝ ባይኖር፣ ካሜራውም ቢጠፋ፣ እዘላለሁ?

ለእግዚአብሔር ብለን እስካደረግነው ድረስ ሁሉም ነገር አይፈቀድም?

አሮን የወርቁን ጥጃ ከሠራ በኋላ ያወጀው «ነገ የእግዚአብሔር በዓል ነው» ብሎ ነበር (ዘጸአት 32፥5)። በስሙ መጥራት ብቻውን አንድን ነገር አምልኮ አያደርገውም፤ በማግስቱ ሕዝቡ በላ፣ ጠጣ፣ ሊዘፍንም ተነሣ።

የሚፈቀደውን ለመለየት አብያተ ክርስቲያናት የተለያየ አጥር አላቸው። የካልቪንን ፈለግ የተከተሉት መጽሐፍ ቅዱስ ያላዘዘውን በአምልኮ ውስጥ አያስገቡም። ሉተራውያንና አንግሊካውያን ካልተከለከለ ሊገባ ይችላል ይላሉ። ኦርቶዶክሶችና ካቶሊኮች ከአባቶች በተቀበሉት ሥርዓት ይጸናሉ። ከእነዚህ የትኛው ትክክል ነው የሚለው ረጅም ክርክር ነው፤ እዚህ አንገባበትም። የሚያሳስበኝ ከሦስቱ አንዱም የሌለው ጉባኤ ነው። እንዲህ ያለው ጉባኤ አዲስ ነገር ሲመጣለት የሚጠይቀው «ሰው ይወደዋል ወይ?» ብቻ ስለሆነ የቲያትር ቤት ሥራ አስኪያጅ ከሚጠይቀው የተለየ ጥያቄ የለውም።

ዝማሬ ሲያስለቅሰኝ መንፈስ ቅዱስ ነው ወይስ ስሜት?

ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሊሆኑ ይችላሉ። ስሜት የአምልኮ ጠላት አይደለም። ዕዝራ ሕጉን ከማለዳ እስከ ቀትር ሲያነብ ሕዝቡ አለቀሰ፣ ከዚያም እንዲደሰት ታዘዘና ተደሰተ (ነህምያ 8)። እንባቸው ከምን እንደመጣ ግን ግልጽ ነው፤ የሕጉን ቃል ሰምተው ነው።

በዚህ ላይ የሰሜን አፍሪካውን ጳጳስ አውግስጢኖስን ያህል በታማኝነት የጻፈ ሰው አላውቅም። ስለ ገዛ ሕይወቱ በጻፈው መጽሐፍ ዝማሬ በአዲስ አማኝነቱ ጊዜ እንዳስለቀሰው ያስታውሳል፤ ጥቅሙንም አይክድም። ሆኖም ከሚዘመረው ቃል ይልቅ ዜማው ልቡን የነካው ጊዜ እንደ በደል እንደሚቆጥረው፣ ያን ጊዜ ዘማሪውን ባልሰማ እንደሚል ይናዘዛል። የእስክንድርያው አትናቴዎስ አንባቢው መዝሙሩን ከዜማ ይልቅ ለንግግር በቀረበ ድምፅ እንዲያነብ ያደርግ እንደነበር ያነሣና፣ ያ ይሻል ይሆን እያለ ያመነታል። በመጨረሻ ዝማሬው እንዲቀር አልፈረደም፤ ማመንታቱን ግን አልደበቀም። ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት በኋላም ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ስሜትን ሆን ብሎ መቀስቀስ የሚቻልበት ዘዴ አለ፤ መብራቱን ማደብዘዝ፣ ከጸሎቱ ሥር ለስላሳ ሙዚቃ ማስገባት፣ አንዱን ስንኝ ደጋግሞ ድምፁን ቀስ በቀስ ማሳደግ። ይህ በየትኛውም አዳራሽ ይሠራል፤ የሚዘመረው ስለ ሀገርም ይሁን ስለ ፍቅረኛ ይሠራል። ስለዚህ እንባ መፍሰሱን የመንፈስ ቅዱስ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ የለብንም። ዘዴውን የሚያውቅ አገልጋይ ደግሞ ባያውቀው ኖሮ ከሚኖርበት የበለጠ ኃላፊነት አለበት።

በቤተ ክርስቲያን ማጨብጨብ ተገቢ ነው?

ለማን ነው የሚጨበጨበው? ሕዝቡ እግዚአብሔርን እያመሰገነ ቢያጨበጭብ መዝሙር 47 ራሱ «እጆቻችሁን አጨብጭቡ» ይላል። አንድ ሰው ዘምሮ ወይም ሰብኮ ሲጨርስ ለእርሱ ማጨብጨብ ግን ሌላ ነገር ነው።

ዮሐንስ አፈወርቅ በቁስጥንጥንያ ይህን ልማድ ለማስቀረት ሞክሮ ነበር። ሲጨበጨብለት እንደ ሰው ደስ እንደሚለው፣ ቤቱ ሲገባ ግን ሰሚዎቹ ምንም እንዳልተጠቀሙ አስቦ እንደሚያዝን በግልጽ ነገራቸው፤ ከዚያም ማንም እንዳያጨበጭብ ደንብ እናውጣ አላቸው። ሕዝቡ ይህን ሲሰማ አጨበጨበ።

ስብከት ውስጥ ቀልድና ታሪክ መጨመር ስሕተት ነው?

ኢየሱስ ያስተማረው በምሳሌ ነው፤ በራሱ ዓይን ምሰሶ ተሸክሞ በወንድሙ ዓይን ጉድፍ የሚፈልገውን ሰው የሰሙት ሳይስቁ የቀሩ አይመስለኝም። ቀልዱ ከትምህርቱ ጋር እስከተሰፋ ድረስ ያገለግላል። አንድ ሰው ሰኞ ዕለት ስብከቱን ሲጠየቅ ቀልዱን አስታውሶ ከየትኛው የመጽሐፍ ክፍል እንደተሰበከ ከጠፋው ግን ሰባኪው የሰኞውን መልስ ቢያስብበት ይሻላል። ጳውሎስ ጆሮአቸውን የሚያሳክካቸው ሰዎች እንደ ምኞታቸው አስተማሪዎችን እንደሚያከማቹ ጢሞቴዎስን ያስጠነቀቀው (2 ጢሞቴዎስ 4፥3) ወቀሳውን በሰባኪው ላይ ብቻ ሳይጥል ነው፤ አስተማሪዎቹን የሚሰበስበው ሰሚው ነው።

ወጣቶችና ያላመኑ ሰዎች እንዲመጡ ጉባኤው ማራኪ መሆን የለበትም?

ይህን የሚጠይቁ ሰዎች አብዛኞቹ ቅን ናቸው፤ ስለዚህ በቀላሉ የሚጣል ጥያቄ አይደለም። እንግዳ ሰው መቀመጫ አጥቶ፣ የሚሰማው ሁሉ እንቆቅልሽ ሆኖበት፣ ማንም ሳያናግረው ቢወጣ ጥፋቱ የጉባኤው ነው። ጳውሎስ በቆሮንቶስ ጉባኤ ውስጥ ሁሉም በማይታወቅ ልሳን ቢናገሩ የማያምን ሰው «አብደዋል» አይልምን ብሎ ይጠይቃል (1 ቆሮንቶስ 14፥23)። እንግዳው እንዲገባው መጨነቅ ሐዋርያዊ ነው።

ነገር ግን ጳውሎስ በዚያው ቦታ እንግዳው ምን እንደሚሆን ተስፋ ያደርጋል? የልቡ ስውር ነገር ተገልጦበት በግንባሩ ተደፍቶ ለእግዚአብሔር እንዲሰግድ። አዳራሹ እንዲያምረውና በሚቀጥለው ሳምንት ጓደኛውን ይዞ እንዲመጣ አላለም፤ ያ ሊከተል ይችላል፣ ግን ሌላ ነገር ነው።

ኢየሱስም እንጀራ በልተው ስለጠገቡ የተከተሉትን ሕዝብ ምክንያታቸውን ነገራቸው፤ ቀጥሎ የተናገረው ሲከብዳቸው ከደቀ መዛሙርቱ ብዙዎቹ ተመልሰው ሄዱ (ዮሐንስ 6)። ያን ቀን ሌላ እንጀራ ማብዛት አያቅተውም ነበር። በመድረክ ዝግጅት የመጣ ሰው የሚቀጥለውን ዝግጅት ይጠብቃል፤ የተሻለ መድረክ ያለው ጉባኤ ማዶ ሲከፈት ወደዚያ ቢሄድ አያስገርምም። ወጣቶችን በተመለከተ ደግሞ የምንንቃቸው እኛ ነን ብዬ እፈራለሁ። ሒሳብና ፊዚክስ የሚማር የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ የሮሜን መልእክት መከታተል አይችልም ብሎ የወሰነው ማን ነው?

ትልቅ ስክሪን፣ የመድረክ መብራትና ጭስስ?

ስክሪኑ ግጥሙን ለሁሉም ካሳየ ጠቃሚ ነው፤ የዘማሪውን ፊት አጉልቶ ለማሳየት ብቻ ከዋለ ሕዝቡ ወዴት እንዲያይ እየታዘዘ እንደሆነ ግልጽ ነው። ጭሱ ለምን እንደሚያስፈልግ እስካሁን ያስረዳኝ የለም። መብራቱ ግን ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል፦ መድረኩ ደምቆ ሕዝቡ ያለበት ሲጨልም ምእመናን እርስ በርስ አይተያዩም። ጳውሎስ ደግሞ በመዝሙርና በዝማሬ እርስ በርሳችሁ ተማማሩ፣ ተገሣጹም ነው ያለው (ቆላስይስ 3፥16)። ሐዘንተኛዋ እናት ስለ ትንሣኤ ስትዘምር ማየት ራሱ ስብከት ነው። አዳራሹ ሲጨልም ያ ስብከት ይቀራል።

ሁሉም ነገር ቀላል ይሁን ካልን ጥራት አይወድቅም?

ጥራትና ትርኢት አንድ አይደሉም። ክናንያ የዝማሬ አለቃ የሆነው ብልሃተኛ ስለነበር ነው (1 ዜና መዋዕል 15፥22)። ያልተጠና መዝሙር፣ ያልተስተካከለ ክር፣ የሚጮህ ማይክሮፎን የሰውን ቀልብ ወደ መድረኩ ይስባሉ፤ ማለትም ትርኢት የሚያደርገውን ያደርጋሉ፣ በተቃራኒው መንገድ። በደንብ የተጠና አገልግሎት ሰው አገልጋዩን እንዲረሳው ያስችላል። «ለእግዚአብሔር ስለሆነ ልብ ይበቃል» እያለ ሳይለማመድ የሚመጣ ዘማሪ ልቡን ያላሳየበት ቦታ ልምምዱ ላይ ነው።

አምልኮው ይሰለቸኛል። ጥፋቱ የማን ነው?

ምናልባት የጉባኤው። ግድ የለሽ ንባብ፣ ያልተዘጋጀ ስብከት፣ ማለቂያ የሌለው ማስታወቂያ ሰውን ያደክማል፤ ለዚህ መንፈሳዊ ሰበብ መስጠት አይገባም። ጳውሎስ እንኳ እስከ እኩለ ሌሊት ሲናገር አውጤኪስ በመስኮት ተቀምጦ እንቅልፍ ጥሎታል (ሐዋርያት ሥራ 20፥9)።

ምናልባት ደግሞ የእርስዎ። በየጥቂት ሰከንዱ ምስል የሚለዋወጥበት ስልክ የለመደ ዓይን አንድ ምዕራፍ ሲነበብ ለመስማት ይቸገራል። ዘወትር የሚደገም ጸሎት መጀመሪያ ላይ ትርጉም አልባ ይመስላል፤ ቆይቶ፣ በተለይ በሐዘንና በሕመም ጊዜ፣ የራስ ቃል ሲጠፋ አፍ ላይ የሚገኘው እርሱ ነው። ያን ለማወቅ ግን መቆየት ያስፈልጋል።

ታዋቂ ዘማሪ መጋበዝ ችግር አለው?

ማንነቱ አይደለም ችግሩ፤ አጋባበዙ ነው። ማስታወቂያው ላይ የሰውየው ፎቶግራፍ ሙሉውን ገጽ ይዞ የጸሎቱ ሰዓት በጥግ በደቃቅ ፊደል ከተጻፈ፣ ሰው ምን ለማየት እንደሚመጣ ተነግሮታል። ሄሮድስ ሕዝቡ «የአምላክ ድምፅ ነው» ብሎ ሲጮህለት ክብሩን ለእግዚአብሔር ስላልሰጠ ተቀሠፈ (ሐዋርያት ሥራ 12፥22-23)። ጳውሎስና በርናባስ በልስጥራን ተመሳሳይ ነገር ሲገጥማቸው ልብሳቸውን ቀድደው ወደ ሕዝቡ መካከል ሮጡ (14፥14)። ዘማሪም ሲወደስ ዝም የሚልበት ጊዜና የሚሮጥበት ጊዜ አለው። ተደራሲዎቹም ልናግዘው እንችላለን፤ በጸሎት መካከል ስልክ አውጥቶ ከእርሱ ጋር ፎቶግራፍ መነሣትን በመተው መጀመር ይቻላል።

በቀጥታ ስርጭት መከታተል እንደ አምልኮ ይቆጠራል?

ለታመመ፣ ለአረጋዊና መንገድ ለተዘጋበት ሰው ትልቅ በረከት ነው። መምጣት እየቻለ ለሚቀር ሰው ግን ስርጭቱ ምእመኑን ሙሉ በሙሉ ተመልካች ያደርገዋል፤ ካልጣመው ይዘልለዋል፣ ወደ ሌላ ጉባኤ ይቀይራል። ዕብራውያን 10፥25 መሰብሰባችንን እንዳንተው ያሳስባል። ቁርባን ደግሞ በስክሪን አይቀርብም።

ቤተ ክርስቲያኔ ወደ ትርኢት እያዘነበለች ከመሰለኝ ምን ላድርግ?

በመጀመሪያ እርስዎ ራስዎ ይዘምሩ፣ ጮክ ብለው፤ ድምፅዎ ባያምርም። ከዚያ ቅሬታዎን ለመሪዎቹ ይንገሩ፤ ከአምልኮ በኋላ ደጃፍ ላይ ከጓደኛ ጋር ከመተቸት ይሻላል። ሲናገሩ «አምልኮው ሥጋዊ ሆኗል» ያለ ጥቅል ክስ ማንንም አያርምም፤ ሰው ይከላከላል እንጂ አይሰማም። የተለየ ነገር ይጥቀሱ፦ ባለፈው እሑድ አራቱም መዝሙሮች አዲስ ነበሩ፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ንባቡ ተትቷል፤ ድምፁ ከፍ በማለቱ አጠገቤ ያሉት አዛውንት ጆሮአቸውን ይዘው ወጡ። እንዲህ ያለውን ማንም ቅን መሪ ሊያየው ይችላል።

ዘማሪዎቹን በግል ማነጋገርም ይቻላል። ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ ጊዜአቸውን ያለ ክፍያ ይሰጣሉ፤ ያጨበጨብንላቸውም እኛው ነን። አንድ የቆየና ሁሉም የሚያውቀው መዝሙር ያለ መሣሪያ፣ በሰው ድምፅ ብቻ እንዲዘመር መጠየቅ ጥሩ መጀመሪያ ነው፤ ጥያቄው ትንሽ ስለሆነ እምቢ የሚል አይበዛም። ለዘብ ያለ ከፍታ ይምረጡ፣ ቃሉን ሁሉም ያግኝ፣ መሪው ከመጀመሪያው ስንኝ በኋላ ማይክሮፎኑን ከአፉ ያርቅ። ጉባኤው በመጀመሪያው ዙር ያፍራል። በሁለተኛው ዙር ግን ከኋላ ያሉት ሳይቀሩ ይገባሉ።